አየሩ መኪናዋን የሚለቅባት ጠርዝ

እ.ኤ.አ. በ1972 የፖርሽ መሐንዲሶች በስቱትጋርት የነፋስ ዋሻ ውስጥ አንዲት 911 አቁመው የኋላ ኮፈኗ ጫፍ ላይ ላሜራ ይቀጥሉ ነበር። መሣሪያቸው ቀጭን ላሜራ፣ ሽቦና ብየዳ ነው። ነፋሱ ይለቀቃል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ነፋሱ ይቆማል፣ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል፣ እንደገና ይለቀቃል። ከሄርማን ቡርስትና ከቲልማን ብሮድቤክ እጅ የወጣው ያ እየተቀጠለ የተሠራ ላሜራ በኋላ በፋይበር ግላስ ተሠርቶ፣ የዳክዬ ጅራት የሚል ቅጽል ወጥቶለት፣ የካሬራ አርኤስ 2.7 መታወቂያ ሆነ። ለእሽቅድምድም ፈቃድ የሚያስፈልገውን 500 ለማሟላት የታሰበው ሞዴል ገበያ አግኝቶ 1,580 ተመረተ።

ይህን ያስቀደምኩት በየጋራዡ የሚሰማ አንድ ንግግር ስለሚያስቆጨኝ ነው። አንድ ወጣት ለአሮጌ ኮሮላ ዲኤክሱ በገዛ እጁ ስፖይለር ሠርቶ ሲገጥም «ፋብሪካ ያልሠራው ነገር ምን ይፈይዳል? ጌጥ ነው» ይሉታል። ፋብሪካ የሠራውም መጀመሪያ በእጅ የታጠፈ ላሜራ ነበር። በእጅ መሠራቱ ምንም ነውር የለበትም። የስቱትጋርቱ ሥራ የሚበልጠው ከእያንዳንዱ ማጠፍ በኋላ በመለካቱ ነው፤ በሰፈር ጋራዥ ግን ስፖይለሩ ከተገጠመና ከተቀባ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የመለካቱን ሥራ ያለ ነፋስ ዋሻ፣ በክርና በስልክ ካሜራ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደምንለካ እንወቅ።

መኪና ስትሮጥ አየሩ የፊት ኮፈኗን ይወጣል፣ በፊት መስታወቷ ይንሸራተታል፣ ጣሪያዋን አልፎ በኋላ መስታወቷ ይወርዳል። በጉብታ ላይ የሚያልፍ አየር ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ከወለሏ ሥር የሚያልፈው አየር ግፊት ግን ያን ያህል አይወርድም። የላዩ ሲያንስ የታቹ ያሸንፍና መኪናዋን ወደ ላይ ያቀልላታል። ዐውሎ ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚነቅለው በዚሁ ሕግ ነው፤ በጣሪያው ላይ እየፈጠነ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል።

በብዙ የቤት መኪኖች ይህ መቅለል የሚብሰው ከኋላ ነው። አየሩ የኋላ መስታወቱን ተከትሎ ወደ ታች ሲታጠፍ፣ በመስታወቱ ግርጌና በኋላ ኮፈኑ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። ስፖይለር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኮፈኑ ጫፍ የቆመች ጠርዝ የሚወርደውን አየር ታግደዋለች፤ ከፊቷ ግፊት ይከማቻል፤ ያም ግፊት ወደ መላው ኮፈንና ወደ መስታወቱ የታችኛው ክፍል ይሰራጫል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው። ትንሿ ጠርዝ የምታሠራው ራሷን ሳይሆን ከፊቷ የተዘረጋውን ሰፊ ላሜራ ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር በሚሆን ኮፈን ላይ ግፊቱ በ50 ፓስካል ቢጨምር 25 ኒውተን፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ጭነት ይገኛል፤ ጠርዟ አምስት ሣንቲ ሜትር ብቻ ብትሆንም። በዚያ ላይ አየሩ መኪናዋን የሚለቅበት ቦታ የተወሰነና የጠራ ሲሆን ከኋላ የሚጎትታት ሽክርክሪት ሊቀንስ ይችላል። የ911ዋ ከፍተኛ ፍጥነት ከዳክዬ ጅራቱ በኋላ በሰዓት በ4.5 ኪሎ ሜትር የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለት እግር ቆሞ ከሥሩም አየር የሚያሳልፈው ረጅሙ ክንፍ ሥራው ሌላ ነው። እሱ ጉልበቱን የሚያመነጨው በራሱ ቅርጽ ስለሆነ ንጹሕ፣ ያልተረበሸ አየር ይፈልጋል። እንደ ዲኤክስ ያለ ቀጥ ያለ የኋላ መስታወት ካለው መኪና በስተኋላ ደግሞ አየሩ ብዙውን ጊዜ የተረበሸ ነው። ከኮፈኑ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የቆመ ክንፍ በዚያ ረብሻ ውስጥ ተዘፍቆ ክብደት ከመሆን በቀር ብዙ አይሠራም። ለአሮጌ የመንገድ መኪና የምመርጠው ከኮፈኑ ጋር የተጣበቀችውን ዝቅተኛ ጠርዝ ነው፤ ከዚህ በታች ስፖይለር የምለው እሷን ነው።

ምን ያህል ትጠቅማለች? በፖርሽ ልኬት በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ላይ ከኋለኛው ጎማ የሚነሣው ጭነት ከ140 ኪሎ በላይ ነበር፤ ከዳክዬ ጅራቱ በኋላ ወደ 40 ገደማ ወረደ። ትርፉ 100 ኪሎ ያህል ነው። ይሁን እንጂ የአየር ጉልበት ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ያው ጠርዝ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምታተርፈው 17 ኪሎ ገደማ፣ በ60 ደግሞ ስድስት ኪሎ ብቻ ነው። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚህ 17ቱ 13 ይሆናል፤ በከተማ ውስጥ በ40 ሲነዳ የሚቀረው ሁለት ኪሎ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ከመገናኛ እስከ ቦሌ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ለሚውል ሰው ስፖይለር በአየር በኩል የሚሰጠው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዳማ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋሱ ከጎን ሲመታ፣ ኋላዋ የቀለለች 900 ኪሎ ገደማ የምትመዝን አሮጌ መኪና መሪዋ ላይ ይታወቃል። ከኋላ ወንበር ሰው ሳይኖር፣ ዕቃ ሳይጫን፣ ደርዘን ኪሎ እንኳ ወደ መሬት መመለሱ ዋጋ አለው። ነገሩን ለመናቅ የሚቃጣው ሰው የአውዲ ቲቲን ጉዳይ ያስታውስ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1998 ስትወጣ የኋላ መስመሯ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ጠርዝ የሌለው ነበር። በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሳለች በድንገት መስመር ስትቀይር ወይም ስትታጠፍ ኋላዋ እየከዳት ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ደረሱ። ኩባንያው የተሸጡትን መኪኖች ጠርቶ ሰስፔንሽናቸውን አስተካከለ፣ የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ጨመረ፣ በኋላ ኮፈናቸውም ላይ አነስተኛ ስፖይለር ገጠመ።

የፖርሽ ቁጥር የፖርሽ ነው፤ የዲኤክስ ቅርጽ ሌላ ነው። 911 ከጣሪያ እስከ ፓራውልት በአንድ ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ዲኤክስ ግን ጣሪያ፣ መስታወትና ጠፍጣፋ ኮፈን ያላት ባለ ሦስት ሳጥን መኪና ናት። አየሩ በመስታወቷ ላይ ተጣብቆ ይወርዳል ወይስ ከጣሪያዋ ጫፍ ጀምሮ ይላቀቃል የሚለውን ሳያውቁ ላሜራ መቁረጥ በጨለማ መስፋት ነው። ለማወቅ ደግሞ የሱፍ ክር ይበቃል። እንደ ጣት የሚረዝሙ ክሮች ተቆርጠው በኋላ መስታወቱና በኮፈኑ ላይ በረድፍ በፕላስተር ይለጠፋሉ። አንድ ሰው ይነዳል፤ ሁለተኛው ሌላ መኪና እየነዳ ይከተላል፤ በእሷ ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ከጎንና ከኋላ በስልክ ይቀርጻል። መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ ነፋስ የሌለበት ማለዳና 70 ወይም 80 ፍጥነት ይበቃል። ክሩ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ከተኛ አየሩ ተጣብቆ እየፈሰሰ ነው። ክሩ ከተሽከረከረ ወይም ወደ ፊት ከተመለሰ አየሩ እዚያ ተላቅቋል።

ቀጥሎ ከኮፈኑ ጫፍ መሐል ላይ ቀጭን ዘንግ ቀጥ ተደርጎ ይታሰራል፤ በዘንጉም ላይ በየሁለት ሣንቲ ሜትሩ ክር ይንጠለጠላል። በሚቀረጸው ምስል ላይ የታችኞቹ ክሮች ሲንቀጠቀጡ፣ የላይኞቹ ቀጥ ብለው ሲዘረጉ ይታያል። ቀጥ ማለት የሚጀምሩበት ቁመት ጠርዟ ልትደርስበት የሚገባው ቁመት ነው። በነፋስ ዋሻ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎ የሚገኘው ዕውቀት ትልቁ ክፍል ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለውን ልኬት ሳይሠሩ የሰው ስፖይለር አይቶ ቁመት መቅዳትን አልደግፍም። የቪትዝ ዓይነት አጭር መኪና ያለው ሰው ዘንጉን የሚያስረው ከጣሪያው መጨረሻ ላይ ነው፤ በእነሱ አየሩ መኪናዋን የሚለቀው እዚያ ነውና።

ትንሽ ጠርዝ ምን ያህል ኃይል እንዳላት ከሁሉ በላይ ያሳየው የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ዳን ገርኒ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ፊኒክስ ሜዳ ቦቢ አንሰር የሚነዳት የገርኒ መኪና አልፈጥን አለች። ገርኒ የታጠፈ የአሉሚኒየም ቁራጭ አሠርቶ በኋላ ክንፉ መጨረሻ ላይ በሪቬት አስመታው፤ ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንሰር ዞሮ ሲመለስ ሰዓቱ አልተሻሻለም። ቆይቶ ግን ገርኒን ገለል አድርጎ እውነቱን ነገረው፦ ኋላው ከመጠን በላይ ስለያዘ ፊቱ ይንሸራተታል፤ ፊቱ ከተስተካከለ መኪናዋ ትበራለች። ተፎካካሪዎች ስለ ቁራጩ ሲጠይቁ መኪናዋ ስትገፋ የሰው እጅ እንዳይቆረጥ የተደረገ ነው እየተባሉ ተሸኙ።

የአንሰር ሹክሹክታ ለመንገድ መኪናም ይሠራል። ጠርዟ የምትቀመጠው ከኋለኛው ጎማ አልፋ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚጨመር ጭነት የፊተኛውን ጎማ በጥቂቱ ያነሣል። ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም፤ ከኋላዋ ከምትከዳ ይልቅ ከፊቷ ቀድማ የምታስጠነቅቅ መኪና ለመንገድ ትሻላለች። ነገር ግን ትልቅ ነገር ከኋላ ሰቅሎ የፊት ፓራውልት ሥር ምንም ያልገጠመ ሰው ፍጥነት ላይ መሪው እንደሚቀል ይወቅ። ደግሞም ሾክ አብዞርበሯ ያለቀ፣ ጎማዋ የተላጨ መኪና ላይ ስፖይለር መግጠም ቅደም ተከተል ማዛባት ነው፤ የአየር ጭነት ጎማው መሬት መያዝ ሲችል ብቻ ይጠቅማል።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ስፖይለር ከካርቶን ይሠራል። የኮፈኑ ጫፍ ቀጥ ያለ ስለሚመስል ሰው ይታለላል፤ ከመሐል ወደ ሁለቱ ዳር ሲሄድ ይጎብጣል። መሐሉ በክር ተለክቶ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ካርቶኑ ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ እየተቆረጠ ከኮፈኑ ጋር እስኪገጥም ይስተካከላል። ካርቶኑን በፕላስተር ለጥፎ፣ ከነጂው ወንበር ሆኖ በውስጥ መስታወት አይቶ፣ የኋላ እይታ መጋረዱን መመርመር አሁን ነው እንጂ ከቀለም በኋላ አይደለም።

ከላሜራና ከአሉሚኒየም ለጀማሪ አሉሚኒየምን እመርጣለሁ። 130 ሣንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ከአንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ 1.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ከአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቢሠራ ከ650 ግራም አይበልጥም። ክብደቱ ኮፈኑን ቀና አድርጎ የሚይዘው አሮጌ ሞላ ላይ ይቆጠራል፤ ሞላው ከደከመ ኮፈኑ ዕቃ በሚያወጣ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። አሉሚኒየም አንድ ጠባይ አለው፦ እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር በቀጥታ ሲነካካ አንዱ ሌላውን ይበላል። በመካከላቸው ቀለምና ላስቲክ መግባት አለበት።

ክብ ቅርጽ የሚፈልግ ሰው ወደ ፋይበር ግላስ ይሄዳል፤ እዚህ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በፎም ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ቀርጾ ፖሊስተር ሬዚን የሚቀባ ሰው ቅርጹ ዓይኑ እያየ ይሟሟበታል። በሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን ያንን ፎም ይበላዋል። ወይ ቢጫውን የፖሊዩሬቴን ፎም መጠቀም፣ ወይ ነጩን በወፍራም የማሸጊያ ፕላስተር ቀዳዳ ሳይተዉ መሸፈን ነው። የማድረቂያው መጠን ብዙውን ጊዜ ከሬዚኑ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ሲበዛ ሬዚኑ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። በክረምት ብርድ የሚዘገይበትን ጊዜ መታገሥ ይሻላል። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሬዚን ማቡካት ለሳንባ ጠላት ነው፤ የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹም ብናኙ መስታወት መሆኑን አስታውሶ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ማሰሩ ነው፤ ስፖይለር መንገድ ላይ የሚጥለው መጥፎ ቅርጽ ሳይሆን መጥፎ አስተሳሰር ነው። በ100 ፍጥነት በጠርዟ ላይ በቀጥታ የሚያርፈው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ አራት ወይም አምስት ኪሎ ያህል ነው፤ ይህ ብዙ አይደለም። የሚጎዳት ኮፈኑ ሲዘጋ የሚደርስባት ምትና በኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጠው ነው። ጥያቄው ታዲያ ምን ላይ ትታሰር የሚል ይሆናል። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረች መኪና ኮፈኗ አንድ ሁለቴ በባትላሜራ እጅ ማለፉ አይቀርም፤ ቀለሙ ሥር ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በጠርዙ ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ ማግኔቱ የሚላላበት ቦታ ስቱኮው የወፈረበት ነው። እዚያ ላይ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ቢለጠፍ የያዘው ብረቱን ሳይሆን ስቱኮውን ነው፤ በአንድ በጋ ፀሐይ ከነስቱኮው ይወርዳል። ቡሎንም ቢሆን በስቱኮ ላይ ሲጠብቅ ያደቅቀዋል። ስቱኮው ተፍቆ እስከ ብረቱ መድረስ አለበት።

ጤናማ ብረት ከተገኘ ስድስት ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ወይም ስድስት ቡሎኖች ይበቃሉ፤ ከመሐል እኩል ርቀው፣ በተቻለ መጠን የኮፈኑ የውስጥ ማጠናከሪያ ባለበት መስመር ላይ። ትራፓኖ ከማንሣት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ከውስጥ የመብራት ሽቦና የቁልፍ ዘንግ የሚያልፍበትን ማየት ግድ ነው። ቀዳዳው በቀጭን ጫፍ ተጀምሮ ይሰፋል፤ ጥርሱ በሞረድ ይነሣል፤ የተላጠው ብረት ፀረ ዝገት ቀለም ይጠጣል፤ ቀለሙም እስኪደርቅ ይጠበቃል። ይህችን ግማሽ ሰዓት የነፈገ ሰው በሁለተኛው ክረምት ከቡሎኑ ዙሪያ ቡናማ እንባ ሲወርድ ያያል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉ ሥር ወለሉንም ይበላል። በስፖይለሩና በኮፈኑ መካከል ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ድራብ ይገባል፤ ከውስጥ በኩል ሰፋፊ ሮንዴላ፣ ቢቻልም ሁለት ቡሎን የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ብረት፣ ከዚያ የማይላላ ዳዶ። በቀዳዳው ዙሪያ ሲሊኮን። ራሱን የሚበሳ ብሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በቀጭን ላሜራ ላይ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ንዝረትም ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

የላይኛው ጠርዝ ስለት ሆኖ መቅረት የለበትም። ከኋላ የሚያልፍ እግረኛ፣ መኪና የሚያጥብ ልጅ፣ የሚጠጋ ብስክሌተኛ አለ። ላሜራው ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይደቃል ወይም ላስቲክ ይለብሳል፤ ፖርሽም በኋላ ያወጣቸውን ስፖይለሮች ጠርዝ በላስቲክ ከብቧል። የሕጉ ነገር ደግሞ ለትልልቆቹም አልቀረላቸውም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1973 ለ3.0 ሲኤስኤል የሠራው ትልቅ የኋላ ክንፍ በጀርመን መንገድ ላይ ስላልተፈቀደ ገዢው ራሱ እንዲገጥመው ኮፈን ውስጥ ተቀምጦለት ይረከብ ነበር። በእኛ አገር መኪናዋ በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ስፖይለሩ ያኔ ጥያቄ ከሚያስነሣ አስቀድሞ መርማሪውን መጠየቅ ይቀላል፤ በቡሎን የታሰረ ነገር ደግሞ ካስፈለገ ይፈታል። ቡሎንን ከብየዳ የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ክሮቹ ይመለሱና ያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ይነዳል። ከጠርዟ ፊት ያሉት ክሮች ቢዝሉ፣ ከላይዋ ያሉት ግን ቀጥ ብለው ቢያልፉ ሥራዋን ይዛለች። ምንም ልዩነት ካልታየ አጥራለች፤ አሉሚኒየሙ በሁለት ሣንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሞከር። መጎተቷንም ማወቅ ይቻላል፦ ሜዳማ በሆነ ባዶ መንገድ በ80 እየሄዱ ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ፍጥነቱ ወደ 60 እስኪወርድ ያለውን ሰከንድ መቁጠር። በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግሞ፣ ከስፖይለሩ ጋርና ያለ ስፖይለሩ። ከእሷ ጋር ቶሎ የምትቆም ከሆነ ቁመቱ በዝቷል፤ ትርፉ በቤንዚን እየተከፈለ ነው።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ ዳዶዎቹ በቁልፍ ይፈተሻሉ፤ ላስቲኩ ስለሚታመቅ ጥቂት መላላት የተለመደ ነው። በቡሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ካወጣ ግን ማጥበቅ አይፈታውም፤ ላሜራው እየታጠፈ ነውና ከውስጥ የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት ሰፍቶ ይቀየራል።